ደብዳቤዎቹ ከሚነሱበት ከተማ

ሐሙስ

ከአየር ጤና የተነሳነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ ማለት አይበቃም፤ ከሞላ በኋላ ሁለት ሰው ጨምሮ ነው የተነሳው። ቦርሳዬ ጭኔ ላይ፣ የማላውቀው ሰው ጆንያ እግሬ ሥር። ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ አቀማመጥ ሲሆን ግን 700 ነው።

ሥራዬ ደብዳቤ መተርጎም ነው። ውጭ አገር ያሉ ክርስቲያኖች በየወሩ ትንሽ ገንዘብ እየላኩ እዚህ አንድ ልጅ የሚያስተምሩበትና የሚያሳክሙበት ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ልጁ በአማርኛ ይጽፋል፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እመልሳለሁ። ሰውየው ይመልስለታል፣ እኔ ወደ አማርኛ። ሰባት ዓመት ሆነኝ። ከጅማ የሚመጡት ግማሾቹ በአፋን ኦሮሞ ስለሆኑ እነሱን አንድ ባልደረባዬ ይይዛቸዋል፤ የአማርኛዎቹ ግን የኔ ናቸው። የድርጅቱን ስም አልጽፍም። የልጆቹንም ስም ሆነ ሰፈር አልጽፍም። የልጆች ጥበቃ ደንባችን አይፈቅድም፤ ቢፈቅድም አላደርገውም።

ወደ ጅማ የላከኝ ለወጉ ያህል የመስክ ጉብኝት ነው። የልቤን ካላችሁ ግን የላከኝ አንድ ቃል ነው።

አንዲት የ11 ዓመት ልጅ አለች። የሚረዷት ኮሪያ ያሉ ጡረተኛ ናቸው። ባለፈው ዓመት እኚህ ሰው «በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሷል፤ የልጅ ልጆቼ በደስታ ሊያብዱ ነው» ብለው ጻፉ። ተርጉሜ ላክሁ። ልጅቷ መለሰች፦ «በረዶው ቤታችሁን እንዳያፈርሰው በየቀኑ እጸልያለሁ።» እሱንም ተርጉሜ ላክሁ። ምንም አልጠረጠርኩም። በቀን ከ20 በላይ ደብዳቤ ለሚያይ ሰው ጸሎት ያው ጸሎት ነው። ከወራት በኋላ የሰውየው መልስ መጣ፦ «ስለ ጸሎትሽ አመሰግናለሁ። ግን ቤቴ ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ጥፋቱ የኔ ነበር። እኛ ጋ በረዶ ማለት እንደ ጠጠር የሚወርደው፣ እህል የሚመታው፣ ቆርቆሮ የሚደበድበው ነው። ያ እስከ ቁርጭምጭሚት ደርሶ ልጆች ሲጨፍሩ አስቡት። የነሱ ሌላ ነው። ቃሉ ግን ያው አንድ።

ወሊሶን አለፍን። ወልቂጤ ላይ ቁርስ በላን። ከዚያ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ጠዋት በነጠላ ተጠቅልሎ የተሳፈረ ሁሉ ድልድዩ ጋ ሲደርስ ልብሱን አወለቀ። አጠገቤ የተቀመጡ አባት «ጊቤ ያለ ዳኛ ያስወልቃል» አሉና ሳቁ። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን ስንያያዝ ሚኒባሱ ተንፈራፈረና ቆመ። አንድ ሰዓት ተቀመጥን።

እዚያ ጥላ ሥር ሆኜ ያሰብኩት ዶክተር ቶማስ ላምቢን ነው። ሱዳን ኢንተሪየር ሚሽን የሚባለውን የወንጌል ተልእኮ ድርጅት ሰዎች እየመራ እ.ኤ.አ. በ1928 ከአዲስ አበባ ሲነሳ ሐሳቡ ጅማ ነበር። ጅማ ሳይደርስ ወላይታና ሲዳማ ላይ ቀረ። ከዚያ የሆነው ታሪክ ነው፤ ዛሬ የቃለ ሕይወት ቤተክርስቲያን ሥር ያለው በዚያ በኩል ነው። እኛስ ቢያንስ ሹፌራችን ካርቡሬተር የሚፈታ ልጅ ይዞ ነበር።

ሶኮሩን ካለፍን በኋላ የግልገል ጊቤ ውኃ በግራ በቀኝ እያብለጨለጨ ታየ። ጅማ ስንደርስ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ሆኗል። የሒርማታ የሐሙስ ገበያ እየተበተነ ነው። ሴቶች ባዶ ቅርጫት ጭንቅላታቸው ላይ ደፍተው፣ አህያ እየነዱ ይመለሳሉ። ጅማ ላይ ልጆቹን የሚከታተለው የድርጅታችን ሶሻል ወርከር በባጃጅ መጥቶ ተቀበለኝ። «እህቴ፣ አንቺ ነሽ እንዴ? በደብዳቤው ትልቅ ሴትዮ መስለሽኝ ነበር» አለኝ። አማርኛዬ የአሮጊት ነው ማለቱ ነው። ከሰባት ዓመት «ለክቡርነትዎ ጤና ይስጥልኝ» በኋላ አይፈረድበትም።

ዓርብ

ከማለዳው ጀምሮ ቤት ለቤት ሄድን። አምስት ቤት ነው ያየነው። አራቱን እለፏቸው። ደህና ሰዎች ናቸው፣ ደህና ቡና ጠጣን፣ ፎርም ሞላን።

አምስተኛው የበረዶዋ ልጅ ቤት ነው። እናቷ ሞታለች። አባቷ ሥራ ፍለጋ ከወጣ ቆይቷል። የሚያሳድጓት አያቷ ናቸው። የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግቢው ግን ተጠርጎ መሬቱ እንደ ምጣድ ጸድቷል። ከጓሮ ጥቂት የቡና እግር አለ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ ቀይ ቡናው ተለቅሞ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። አያትየው እያወሩን በባዶ እግራቸው ያገላብጡታል። ጣታቸውን እንደ መንሽ ዘርግተው ከዳር ወደ መሀል ይገፉታል፣ ከዚያ ይበትኑታል። ዓይናቸው እኛ ላይ ነው፤ እግራቸው ሥራውን ያውቀዋል።

ልጅቷ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነች ገና አልመጣችም። ሶሻል ወርከሩ እኔን አስተዋወቀ። እማማ አማርኛቸው ከኦሮምኛ ጋር የተቀላቀለ ነው፤ ሲያጥራቸው እሱ ይሞላላቸዋል።

«ደብዳቤውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ?»

«አልጽፍም እማማ፣ እተረጉማለሁ።»

«ያው ነው። ለመሆኑ መቼ ነው የሚወስዷት?»

«የት?»

«ኮሪያ ነዋ።»

ሶሻል ወርከሩ መሬት መሬት አየ። ይህን ጥያቄ ሲሰማ የመጀመሪያው አይደለም።

«ማንም አይወስዳትም» አልኳቸው።

«ታዲያ ደብዳቤው ላይ ምን ይላል? “አሳዳጊሽ” ይላል። ይኼ ልጅ አንብቦልኛል። በኛ ቋንቋም ነግሮኛል። አሳዳጊዋማ እኔ ነኝ።»

ይህችን ቃል በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ ጊዜ ጽፌአታለሁ። «ውድ አሳዳጊዬ።» «ከአሳዳጊሽ።» ስገባ የተሰጠኝ የቃላት ዝርዝር ላይ ነበረች፣ እኔም ተቀበልኳት። ከሕፃናት ማሳደጊያ ዘመን የተረፈች ቃል ናት ብዬ እጠረጥራለሁ። በ1977 ድርቅ ጊዜ በየቦታው የተከፈቱት ማሳደጊያዎች ልጆቹን በርግጥም ያሳድጉ ነበር፤ ያበሉ፣ ያስተኙ ነበር። አሁን ልጁ የሚያድገው ቤቱ ነው። ቃሉ ግን አልተነሳም።

ጅማ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሶሻል ወርከሩ ቃሉን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሰው «ጉዲሳ» ይሆናል። ከዚያ እስከ «ጉዲፈቻ» አንድ እርምጃ ነው። አማርኛ ጉዲፈቻን የወሰደው ከዚሁ ቋንቋ ነው፤ ሕጋችን ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ለእማማ ግን የሕግ ቃል አይደለም። «በኛ ልጅ ለጉዲፈቻ ሲሰጥ ሽማግሌ ይቀመጣል። ቃል ይገባል። ከዚያ ወዲያ ልጁ የነሱ ነው፤ ሀብትም ይወርሳል፣ በነሱም ይጠራል። በደብዳቤ አይሆንም» አሉ።

እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ፓርላማው ለውጭ አገር ሰው ልጅ በጉዲፈቻ መስጠትን መከልከሉን ነገርኳቸው። በጣም የረዳሁ መስሎኝ ነበር።

«ለኔ ፓርላማው መጥቶ ነገረኝ?» አሉና ሁለተኛውን ስኒ ቀዱ።

ቶናውን እየጠጣን ሌላ ነገር ወጣ። እማማ ሙስሊም ናቸው። ልጅቷም። ልጆቹ የሚረዱበት ፕሮጀክት ያለው ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ነው። ጅማ ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም፤ ሲመዘገብ የሚታየው ችግሩ እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም። ጎረቤት ምን ይላል ብዬ ጠየቅኳቸው። «ይላል እንጂ። ደብተሩንና ሐኪሙን ይስጧት፤ ለዲኗ እኔ አለሁ» አሉ። እኔ እንደሳቸው ቀለል አልለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ መዝሙር አለ፣ ጸሎት አለ። ማንም አያስገድድም ይባላል። የ11 ዓመት ልጅ መቶ ልጅ ሲዘምር ብቻዋን ዝም ማለት ትችላለች ወይ? ይህን ለአለቆቼ ጽፌ አውቃለሁ። የተሰጠኝ መልስ ጨዋ ነበር።

«ግን እኮ በደብዳቤዋ እጸልያለሁ ብላለች» አልኳቸው።

«ዱዓ ነው የምታደርገው። በሰላት ሰዓት፣ እዚህ ጎኔ ሆና። መምህሯ ናት ጸሎት ብላ ያስጻፈቻት።»

ስለዚህ ዱዓው ጸሎት ሆነ፤ ጸሎቱን እኔ እንግሊዝኛ አደረግሁት፤ ኮሪያ ያለ አንድ ሰው ደግሞ ወደ ራሱ ቋንቋ መልሶታል። አራት ቋንቋ አቋርጦ ስለማይፈርስ ቤት።

6 ሰዓት አካባቢ ልጅቷ እየሮጠች መጣች። ሰላም ከማለቷ በፊት ጫማዋን ፈታች። ደጃፉ ላይ ዩኒፎርም ለብሶ፣ ባዶ እግሩን የሚጠብቅ ወንድሟ ነበር። እሱ የከሰዓት ፈረቃ ነው። ጫማው ለእሱ ሰፊ ስለሆነ ጫፉ ላይ የደብተር ወረቀት ጠቅጥቆ ነው የሚያደርገው። ወረቀቱ ኪሱ ውስጥ ተዘጋጅቷል። ፕሮጀክቱ ከአንድ ቤት የሚይዘው አንድ ልጅ ነው። ጫማው የተገዛው ለሷ ነው። ሪፖርት ላይ «1 ጥንድ ጫማ፣ 1 ልጅ» ተብሎ ነው የሚጻፈው።

ልጅቷ እኔ ማን እንደሆንኩ ሲነገራት መጀመሪያ የጠየቀችኝ፦

«ቤታቸው ፈረሰ?»

«አልፈረሰም።»

«እስከ እግራቸው በረዶ እያለ?»

በአፌ ላስረዳ ሞከርኩ። ጥጥ አልኩ፣ አመድ አልኩ፣ የተበጠረ ሱፍ አልኩ። በትህትና ሰማችኝ። አላመነችኝም።

ከአያቷ ፈቃድ ጠይቀን ከሶሻል ወርከሩ ጋር ሦስታችን ወደ ፈረንጅ አራዳ ወረድን። አንድ ለስላሳ የሚሸጥ ሱቅ ገባንና ባለሱቁን «ፍሪዘርህን ክፈትልን» አልነው። የሱቅ ፍሪዘር እንደምታውቁት ለዓመት አይጸዳም። ግድግዳው ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። በጥፍሬ ፍቄ መዳፏ ላይ አደረግሁላት። እጇን ልትሰበስብ ነበር፣ ተወችው። አየችው። ቀለጠ።

«ይኼ ነው። እንዲህ ያለው ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። አይመታም። ድምፅ የለውም።»

«ድምፅ የለውም?»

«የለውም። ሌሊት ቢወርድ ሳትሰሚው ያድራል።»

ደገመች፤ እሷው ፋቀች። ሦስተኛ ጊዜ ስትፍቅ ባለሱቁ «በቃ፣ ዋጋው ይጨምራል» ብሎ ሳቀ። ሁለት ሚሪንዳ ገዛን፣ ነገሩ በዚያ ተዘጋ።

ቅዳሜ

የፕሮጀክት ቀን። ግቢው ከ2 ሰዓት ጀምሮ በልጅ ተሞላ። አንዷ ነርስ በር ላይ ሚዛንና የቁመት መለኪያ ዘርግታ ትመዘግባለች። ቀጥሎ የትምህርት ማጠናከሪያ አለ፤ ሒሳብና እንግሊዝኛ። ዘንድሮ የትልልቆቹ ረድፍ ሳስቷል። ቡና ለቀማ ነው ምክንያቱ። ኅዳር ላይ አንድ ልጅ ለቅሞ የሚያገኘውን ቤተሰቡ ይፈልገዋል፤ በዚህ ላይ መቆጣት ለኔ ለደመወዝተኛዋ ቀላል ነው።

ከሻይና ዳቦ በኋላ የደብዳቤ ሰዓት ሆነ። ወደ ክፍሉ ገባሁ። ጥቁር ሰሌዳው ላይ በሚያምር ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦

«ለውድ አሳዳጊዬ። ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ትምህርቴን በርትቼ እየተማርኩ ነው። ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።»

ለካ! ሰባት ዓመት ሙሉ የተረጎምኩት ይህችን ሰሌዳ ነው። 30 ልጅ አጎንብሶ ይገለብጣል። መምህሯን ብቆጣት ደስ ባለኝ፤ ግን በጎ ፈቃደኛ ናት፣ ፊቷ 30 ልጅ ነው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ነው ያላት፣ ደብዳቤው በጊዜው ካልደረሰ ደግሞ የምትጠየቀው እሷ ናት። የምንጠይቃት እኛ ነን።

በረድፎቹ መሀል ዞርኩ። አንድ ልጅ ሰሌዳውን ጨርሶ ገልብጦ ከወረቀቱ ጥግ በትንሹ አንድ ነገር ጨምሯል፦ «ዶሮዬ 9 እንቁላል ታቅፋለች 2ቱ የጎረቤት ናቸው»። ነጥብ የለውም። ይህን ይዤ ብሄድ ብቻ ጉዞዬ አይከስርም ነበር።

ማታ ከቤተክርስቲያኑ መጋቢ ጋር ራት በላን። ወሬው ወደ ኮሪያ ዞረ። ይህ ልጅን ለአንድ ሰው የማስያዝ አሠራር የተስፋፋው ከዚያ ነው። ወርልድ ቪዥን እ.ኤ.አ. በ1950፣ ኮምፓሽን በ1952 የተጀመሩት በኮሪያ ጦርነት ሰበብ ነው። የኮምፓሽኑ መሥራች ኤቨረት ስዋንሰን የሚባል አሜሪካዊ ሰባኪ ነው። ሴኡል ላይ በክረምት ጠዋት ሠራተኞች ከየመንገዱ ጨርቅ የሚመስል ነገር እያነሱ መኪና ላይ ሲወረውሩ አየ። ጠጋ ሲል ሌሊቱን በብርድ የሞቱ ልጆች ነበሩ።

በዚያው ጦርነት ከ6 ሺህ በላይ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በየተራ ዘምተዋል። እነሱም እ.ኤ.አ. በ1953 ዶንግዱቼን የሚባል ከተማ ላይ ቦሁዋ የተባለ የወላጅ አጥ ልጆች ማሳደጊያ ከፍተዋል። ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ውስጥ አሳዳጊ ነበሩ ማለት ነው፤ ያውም በትክክለኛው የቃሉ ትርጉም። ኮምፓሽን ኮሪያ ያለውን ሥራ የዘጋውና ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በአንድ ዓመት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993። ከ10 ዓመት በኋላ ደግሞ ኮሪያውያን ራሳቸው በዚያው ድርጅት በኩል የሌላ አገር ልጅ መርዳት ጀመሩ። መጋቢው ይህን ሲሰሙ እንጀራቸውን እንደያዙ ቀሩ። «የኛስ ተራ መቼ ነው?» አሉ። እኔን ነው የሚጠይቁት?

«ደግሞስ ይጠቅማል ወይ?» ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ብሩስ ዋይዲክ የሚባል ኢኮኖሚስት ከባልደረቦቹ ጋር የኮምፓሽን ልጆችን በ6 አገሮች አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2013 አሳትሟል። የታቀፉት ካልታቀፉት ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል የሚጠጋ ጊዜ የበለጠ ተምረዋል። ኢትዮጵያ ከ6ቱ ውስጥ የለችም። ቢሆንም አንድ ዓመት ትምህርት ቀላል አይደለም። የወንድምየውን ጫማ ግን ጥናቱ ውስጥ አላገኘሁትም።

እሑድ

ጠዋት ቤተክርስቲያን። ስብከቱ ረዝሟል።

ከሰዓት ጅሬን ወጣሁ፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት፣ ስምንት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 ጀምሮ ጅማን ገዝተዋል። ከምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ገብረው አገራቸውን ከጦርነት አተረፉ፤ ጅማም እ.ኤ.አ. እስከ 1932 ድረስ በራሷ ገዢዎች ሥር ቆየች። የእንጨቱ ሥራ ያስደንቃል። በረንዳው ላይ ቆሜ ከተማዋን ከላይ አየኋት፤ አረንጓዴ ውስጥ ቆርቆሮ የተበተነ ይመስላል። ቆርቆሮ ባየሁ ቁጥር በረዶ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ስመለስ በእማማ በኩል አለፍን። ልጅቷ ለሰውየው ልትጽፍ ተዘጋጅታለች፤ ያለ ሰሌዳ። ወረቀቱን በርጩማው ላይ ዘርግታ ተንበርክካለች። «ለውድ» ብላ ጻፈችና እኔን አየችኝ።

እኔ እማማን አየሁ። «ምን ትበላቸው?»

«ስም የላቸውም እንዴ?»

«አላቸው።»

«እንግዲያ በስማቸው ትጥራቸው። አቶ ትበል፣ ትልቅ ሰው ናቸው።»

ጻፈች። በረዶውን በእጇ እንደያዘችው ጻፈች። ድምፅ እንደሌለው እንደነገርኳት፣ ይህ እውነት መሆኑን እሳቸው እንዲያረጋግጡላት ጻፈች። እኛ ጋ ያለው ግን ድምፅ አለው፣ ከመጣ ማውራት አይቻልም፣ አያቴ ያኔ ቡና አፍልታ ዝም ብለን እንጠጣለን ብላ ጻፈች። እማማ ከጎን ሆነው «ቡናው ዘንድሮ ደህና ነው በይ» አሉ። «ደግሞ እሳቸውስ ጓሯቸው ምን ይዘራሉ? ጠይቂ። አላህ ይስጣቸው በይ።» ልጅቷ «አላህ» ላይ ስትደርስ እንደገና እኔን አየችኝ።

«እንዳሉሽ ጻፊ» አልኳት።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ መንገድ። የጅማ ማርና አንድ ኪሎ ቡና ይዣለሁ። አልተበላሸንም። ጊቤ ላይ ነጠላ አወለቅን፣ ወልቂጤ ላይ ለበስን።

ማክሰኞ

ቢሮ ስገባ 40 ደብዳቤ ጠረጴዛዬ ላይ ተቆልሎ ጠበቀኝ። የመጀመሪያውን አነሳሁ። ከላይ፣ ልጁ ሳይጽፍ በፊት፣ በኅትመት «ለውድ አሳዳጊዬ» ይላል። ከዚያ ነጠብጣብ።

ወረቀቱን ይዤ ወደ አለቃዬ ሄድኩ። ስለ እማማ ነገርኳት፣ ስለ ጉዲፈቻ ነገርኳት፣ ስለ ሰሌዳው ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አለች። ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ቁም ሳጥን ከፈተች፤ እስከ ላይ በፎርም ተሞልቷል።

«መጀመሪያ ግን ይኼ ይለቅ» አለችኝ።

ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩና እስክሪብቶ ፈለግሁ።